ቀይ ምልክት

ሰኔ ነው፤ የሰኔ ደመና ግን ሄርሞሲዮን አያውቃት፤
ቀትር ካለፈ ወዲያ፣ ጥላ እንኳ ጥላ በሚያምረው ሰዓት፣
ዶኛ ሬፉሂዮ ደረሰች፣ ነጭ አሮጌ ኒሳኗን ይዛ፣
ቀሚሷ በላብ ርሳ፣ ከጀርባዋ ተያይዛ።
ከኋላ ወንበር አበባ፣ ለመቃብሩ በር ገበያ፣
አንገቱን ደፍቶ ተኝቷል፣ እንደ ተቀጣ አህያ።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት» አለች፣ «ይሄ መኪና በቤቴ፤
ባሌ እንኳ ያን ያህል አልቆየም። አሁን ግን፣ አባቴ፣
ቀዝቃዛውን ስከፍት የሚመጣው የምድጃ ትንፋሽ ነው።
እነሆ አራት ዓመት፣ ያ አውራ ጎዳናው ላይ ያለው
ልጅ በየግንቦቱ አንድ ጣሳ ጋዝ ይሞላል፤
ሦስት ሳምንት እንደ ንግሥት፤ ከዚያ እሳቱ ይመለሳል።
ዘንድሮ ‹ኮምፕሬሰሩ ሞቷል› ብሎ ዘጠኝ ሺህ ፔሶ ጠየቀኝ።
ስንት እቅፍ ጽጌረዳ ነው ዘጠኝ ሺህ? አንተው ንገረኝ።»

ዶን ኤሌውቴሪዮ አልመለሰ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘንበል አለ፤
ጆሮው ቀድሞ ገባ፣ እጁ ተከተለ።
«እናውጣው፣ አዲስ እንግጠም» አልኩ፣ እኔ ዐዋቂ መሳይ፣
የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ካቻቢቴ አቀባይ።
«ሳይመረምሩ አይቀብሩም» አለኝ። ቁራጭ ሽቦ አንሥቶ
የግፊት ማብሪያውን ሁለት እግር ለቅጽበት አገናኝቶ—
ጠቅ!
የሞተው ተነሣ። ፍሪሲዮኑ ያዘ፣ ዞረ።
«ጋዝ አንሶበት ነው እንቢ ያለው፣ ራሱን እያስከበረ።
ጋዝ ደግሞ ቤንዚን አይደለም፣ ነዶ አያልቅም፤
መውጫ ካላገኘ የትም አይሄድም።
ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት
በወንፊት ውሃ መቅዳት።»

የቀረውን ጋዝ በሲሊንደር ሰበሰበ፤ ናይትሮጅን ነፋበት።
እኔ በሆዴ ተንፏቅቄ፣ የሳሙና ውሃና ብሩሽ ይዤ፣
ቱቦውን፣ ብሎኑን፣ ራዲያተሩ ፊት ያለውን መረብ
በየተራ ቀባሁ።
ምንም።

ፀሐይ ገባች። በእጅ ባትሪ ብርሃን፣
ከኮምፕሬሰሩ ጀርባ፣ ቱቦው የሚገባበት ጥግ ላይ፣
አንዲት አረፋ አበጠች፤ በተኛ ሕፃን ከንፈር ላይ
እንደምትታየው ያለች።
ፈነዳች። ሌላ ተካች።

ፈታነው። የጎሚኒዋ ቀለበት እንደ ጥፍር ደርቃ፣
ባንድ ጎኗ ተሰንጥቃ።
ዋጋዋ ስምንት ፔሶ።

ከዚያ ግን ጌታዬ ዝም አለ። ጨርቅ አንሥቶ
የቱቦውን አንገት ጠረገ፤ ከግራሶው ሥር ተከሥቶ
ቀይ የቀለም ነጠብጣብ ታየ፣
የጨረሰው ሥራ ላይ እሱ ብቻ የሚተዋት ምልክት።
እኔም አየሁ። ማየቴንም አየ።
ጨርቁ በእጁ ነበር። ቤንዚኑ አጠገቡ ነበር።
አንዴ ቢያሸው ያልቅ ነበር።

«ዶኛ» አለ፣ «ያን ልጅ አትርገሚው።
ይቺን ቱቦ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኔ ነኝ የገጠምኳት።
ቀለበቷን ዘይት ሳላስነካ፣ በደረቁ፣ ለምሳ ቸኩዬ።»

አበቦቿን አየች። እሱን አየች።
«ምሳው ይጥም ነበር?» አለች።
«አላስታውስም።»
«እንግዲያው ሁለታችንም ከሠርን።»

ቀለበቶቹን ሁሉ ለወጥን፤ እያንዳንዷን በጣቱ ዘይት ቀባት፤
አየሩን መጥጠን አወጣንና ተቀመጥን፣ መርፌዋን ስንጠብቃት
አርባ አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ሰው፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣
ወሬ ሳይኖር፤ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ወዲያ
ጋዙን በሚዛን ሞላ፣ በግምት አይደለም።
ሌሊቱ ገና ይፋጃል። እሷ መዳፏን ከነፋሱ አፍ ደቅና
«በሩን ዝጉ! ብርዱ ይወጣል!» ብላ ጮኸች እንደ ልጅ።
ሒሳብ አልተቀበላትም። የጠወለገውን አበባ
ለእኔ ትታው ሄደች፤ በባዶ የዘይት ጣሳ ከተትኩት፤
ሁለቱ ቀና አሉ፣ የቀሩት አልዳኑም።

ዛሬ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ቀይ ቀለምም አለኝ።
ሰው ስሜን ለማስጠራት ይመስለዋል። አይደለም።
ጥፋቴ አንድ ቀን ተመልሶ ሲመጣ
ደጄን እንዳያጣ።